ዝናብ ሲጥል ከቤት የሚወጡት ሰው፦ የጣሪያ ሠሪው የአቶ ጉዲሳ ቱፋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጉዲሳ ቱፋ ከአባታቸው ከአቶ ቱፋ ወዳጆ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቄ ጉተማ ግንቦት 21 ቀን 1938 ዓ.ም. በቦሌ ለሚ ተወለዱ። የተወለዱበት ጎጆ የነበረበት ቦታ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ትላልቅ አዳራሾች የተደረደሩበት ነው። የክርስትና ስማቸው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ይናገሩት እንደነበረው፣ በተወለዱበት ዕለት ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ የጎጆው ሣር አፍስሶ ነበርና ሕፃኑን ከአዋላጇ ቀድሞ ያጠበው ጣሪያው ነው። አቶ ጉዲሳ ይህን ታሪክ በጣም ይወዱት ነበር። «ሥራዬን ያገኘሁት ገና ዐይኔን ሳልገልጥ ነው» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራቸው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቄስ ትምህርት ተምረው ዳዊት ደግመዋል። ዜማም ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን መምህራቸው ጥቂት ወራት ከታገሡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጆሮህ የተባረከ ነው፤ ድምፅህን ግን ለቤትህ አስቀምጠው» ብለው በፍቅር አሰናበቷቸው። አቶ ጉዲሳ በመምህራቸው አልተቀየሙም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በቅዳሴ ጊዜ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር።

የሕይወታቸውን መንገድ የወሰነው ነገር የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት እህሉ በደህና ስለገባ፣ አባታቸው በመንደሩ የመጀመሪያ የሆነውን የቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ከከተማ የመጣው ጣሪያ ሠሪ በበጋ መትቶት ስለሄደ፣ ቆርቆሮ ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚል ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልነበረም። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ አቶ ቱፋ ሰማይ የተናደ መስሏቸው ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ቤተሰቡ አዲሱን ቤት ትቶ በበጎቹ ጉሮኖ ተጠለለ። ወ/ሮ ብርቄም ከበጎቹ መካከል ሆነው፣ «ሣሬን መልሱልኝ! ይሄ ቤት አይደለም፣ ከበሮ ነው!» እያሉ አለቀሱ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጉዲሳ አለመኖራቸው ታወቀ። አባታቸው ደንግጠው ሲገቡ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃቸው መሬት ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ፈገግ ብለው አገኟቸው።

«ምን ሆነሃል? ተመታህ እንዴ?» አሏቸው አባታቸው።

«እየሰማሁ ነው። እዚያ ጥግ ጋ ድምፁ ይለያል» አሉ ጉዲሳ።

በማግስቱ እዚያው ጥግ ላይ ጠብታ ታየ። ምስማሩ ላልቶ ኖሯል። አቶ ጉዲሳ በመሰላል ወጥተው በአባታቸው መዶሻ አጠበቁት። ከዚያ ቀን ወዲያ ከማረሱ ይልቅ ልባቸው ወደ ጣሪያ አዘነበለ፤ ለዚህም አባታቸውን ለማሳመን ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል።

በ1956 ዓ.ም. ዛሬ ሃያ ሁለት ወደምንለው አካባቢ መጥተው አቶ ኃይለሚካኤል የተባሉ ታዋቂ ጣሪያ ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩ። ቦሌ ያኔ ጤፍ ማሳና አዲስ ቪላ ጎን ለጎን የሚታዩበት ሰፈር ስለነበር ሥራ ሞልቶ ነበር። ከአቶ ኃይለሚካኤል ቆርቆሮ መደራረብን፣ አሸንዳ ማጠፍን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስማር ውሃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንደሚመታ ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. አለቃቸውን አስፈቅደው፣ ተመርቀውም፣ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቅላቸው ልማድም የዚያን ጊዜ ተጀመረ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ አቶ ጉዲሳ የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው ይወጣሉ። በበጋው የሠሩትን እያንዳንዱን ቤት እየዞሩ ያንኳኳሉ። ገብተው ወንበር ይለምኑና ከቤቱ መሐል ተቀምጠው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ በዚያ ቤት የሚያወራ፣ ድስት የሚያማስል፣ ሬዲዮ የሚከፍት የለም። ጥቂት ቆይተው፣ «ደህና ነው፣ ክረምቱን ክረሙበት» ይላሉ፤ አለዚያም በጣታቸው አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ያመለከቱትን ሳይጠግኑ ከዚያ ቤት እህል አይቀምሱም። ከገርጂ እስከ ጎሮ ባሉ ሰፈሮች ብዙ ሰው የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ «የጉዲሳ ዝናብ» ይለው ነበር።

ይህ ልማድ ሁሉን ሰው ያስደሰተ ነበር ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ጥያቄ በተቀመጡበት ቤት ገብተው ሁሉንም ዝም ስላሰኙ፣ የሙሽሪት አባት «ልጄን ልድር ነው ወይስ ዝናብ ልስማ?» ብለው መቆጣታቸው ይነገራል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሎሚ ስትወለድም አቶ ጉዲሳ ኮተቤ ውስጥ የሰው ጣሪያ ሥር ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ነበር። ይህን ባለቤታቸው ወ/ሮ ገላኔ በየዓመቱ በልጃቸው የልደት ቀን ያስታውሷቸው ነበር። አቶ ጉዲሳም በየዓመቱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ዝናብ ከጣለ ግን ይወጣሉ።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ገላኔ ነገዎን ያገኙትም በዚሁ ልማዳቸው ነው። በ1964 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ አያት ሰፈር ገና የገበሬ መንደር ሳለ፣ የአቶ ነገዎን ጣሪያ ሊያዳምጡ ገቡ። ቤተሰቡ ሁሉ ጸጥ ሲል አንዲት ወጣት ብቻ በርበሬ መውቀጧን አላቆመችም።

«እህቴ፣ ትንሽ አቁሚልኝ» አሏት።

«ዝናቡ መቼም ያንተ አይደለም፤ ቆርቆሮውንም አባቴ ነው የገዛው። በርበሬው ደግሞ የኔ ነው» ብላ ሙቀጫዋን ቀጠለች።

አቶ ጉዲሳ በዚያ ቀን ምንም ሳይሰሙ ወጡ። በማግስቱ ተመለሱ። በሳምንቱም ተመለሱ። በሦስተኛው መምጣታቸው አቶ ነገዎ በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጅ ጉዲሳ፣ ጣሪያዬ እንደሆነ ጠብታ የለው። የመጣህበትን ተናገርና ሁላችንም እንረፍ» አሏቸው። ጥር 1965 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃምሳ ሁለት ዓመታት ወ/ሮ ገላኔ ለዝናብ ብለው ሙቀጫ አቁመው አያውቁም። አቶ ጉዲሳም በቤታቸው የዝናቡን ድምፅ ከሙቀጫው ለይተው መስማት ተማሩ።

በ1969 ዓ.ም. ከወረባቦ መጥተው ገርጂ ላይ የምስማርና የቆርቆሮ ሱቅ የከፈቱት ሐጂ ሰይድ ጣሪያቸውን እንዲመቱላቸው ጠሯቸው። መቱላቸው። በሰኔ ዝናብ አቶ ጉዲሳ ሱቁ ገብተው የምስማር ጆንያ ላይ ተቀመጡና ደንበኞቹን በሙሉ «እሽሽ!» ብለው ዝም አሰኟቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛዬን ዝም አሰኝተህ ምን ልሽጥ?» አሉ ሐጂ ሰይድ።

«ዝናቡ እስኪያባራ ምንም አትሽጥ።»

«ወላሂ ይሄ ጣሪያ ሠሪ አይደለም፣ ቀበሌ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ሞላ፤ የዕድሜ ልክ ወዳጅነትም ከዚያ ጀመረ። ሐጂ ሰይድ በዚያው ዕለት፣ ከዚህ ጣሪያ አንዲት ጠብታ ሳልይዝብህ አልሞትም ብለው ዛቱ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች ሱቁ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሐጂ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠብታ ይጠብቃሉ፣ አቶ ጉዲሳ ዐይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። የሐጂ ሰይድ ባለቤት ወ/ሮ ዘሃራ ሻይ እያቀረቡ፣ «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም ወይ?» ይሉ ነበር። ጣሪያው ግን አላፈሰሰም። ሐጂ ሰይድ በዚህ ነገር ከልባቸው ይበሳጩ ነበር።

አቶ ጉዲሳና ወ/ሮ ገላኔ ሎሚን፣ ሁንዴንና ታደለችን ወልደው አሳድገዋል፤ አስተምረዋል። አቶ ጉዲሳ ራሳቸውም በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ማታ ማታ ተምረው የጎደላቸውን የሒሳብ ትምህርት አሟልተዋል። ከልጆቻቸው መካከል የአባቱን ሙያ የወረሰው ሁንዴ ነው። አባቱ በመዶሻው አመታት ደስተኛ ነበሩ፤ ጆሮውን ግን አላመኑበትም። «ሁንዴ ዝናብ ያያል እንጂ አይሰማም» ይሉ ነበር።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠሩ። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በኮተቤና በጎሮ ዛሬ የቆሙትም የፈረሱትም ብዙ ቤቶች ጣሪያቸውን ያገኙት በእሳቸው እጅ ነው። የተወለዱባት መንደር የኢንዱስትሪ ፓርክ ስትሆን የሎሚ ልጅ እዚያው ልብስ ስፌት ተቀጥራ ነበርና አንድ ቀን ለማየት ሄዱ። ከአጥሩ ውጭ ሆነው የአዳራሾቹን ጣሪያ እስከ ጥግ ድረስ ተመለከቱና፣ «አቤት ስፋቱ! ሰኔ ላይ ይሄን ሁሉ ማን ያዳምጠዋል?» አሉ። ቅሬታ አልነበራቸውም፤ እንደ ባለሙያ አስበው ነው።

በ2009 ዓ.ም. ቤተሰቡ ከገርጂ ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ተዛወረ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃና መብራት አለው፣ ወ/ሮ ገላኔም ወደ ትውልድ ሰፈራቸው በመመለሳቸው ደስ አላቸው። አቶ ጉዲሳም ለመጀመሪያዎቹ ወራት አልከፋቸውም። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ጧት በመስኮት ሲመለከቱ መሬቱ ረጥቧል።

«ማታ ዘንቦ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ዶፍ ነበር» አሏቸው ወ/ሮ ገላኔ።

ዘመድ መጥቶ ሳይነገራቸው እንደሄደ ሰው አዘኑ። በላያቸው ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን የሌላ ሰው ወለል ነበር። በዚያ ክረምት እንቅልፍ አጡ፤ ምግብም ዘጋቸው። ሐኪም ዘንድ ሲወሰዱ ምርመራው ምንም አላሳየም። ሐኪሙ «አባት፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲላቸው፣ «ክረምቱ አልገባልኝም» ብለው መለሱ። ሐኪሙም ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ገባው።

ቤተሰቡ የቻለውን ሞክሯል። ሁንዴ በስልኩ የዝናብ ድምፅ አውርዶ ትራሳቸው አጠገብ ከፈተላቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ «የማን ቤት እንደሆነ ፈልጋችሁ ንገሩት፤ ያፈሳል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የሚሻላቸው ዝናብ ያዘለ ደመና ሲያዩ ታክሲ ይዘው ገርጂ መሄድና ከሐጂ ሰይድ ጋር በዚያ በአሮጌው ጣሪያ ሥር መቀመጥ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የሐጂ ሰይድ ሱቅ ፈርሶ ወደ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ተዛወረ። እዚያም ከላይ ያለው ኮንክሪት ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ሁለቱ ሽማግሌዎች አዲሱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆዩና ሐጂ ሰይድ የተዘረጋ መዳፋቸውን አጠፉ።

ልጆቻቸው አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደከበዳቸው ጠይቀዋቸው ነበር። «ቆርቆሮው ሲጮህ ሰምቼ፣ እኔ ግን ደረቅ ስሆን ነው ቤቴ መሆኔን የማውቀው» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሁንዴ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ አምጥቶ በበረንዳቸው ላይ መታላቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበ። አቶ ጉዲሳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ሳቁ። ነገር ግን ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ሲስተር ሃረገወይን የማታ ተረኛ ነርስ ስለሆነች የምትተኛው ከሰዓት በኋላ ነው። ዐይኗ ቀልቶ መጥታ አንኳኳች፤ ዝናቡ በቀጠለባቸው ቀናትም ደጋግማ መጣች። ነገሩ ወደ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሄደ።

በስብሰባው ላይ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሽማግሌ ናቸው ይተዉላቸው፣ ገሚሱ ደግሞ ሕግ ሕግ ነው አለ። ሲስተር ሃረገወይን ተነስታ፣ «አባባ ጉዲሳ፣ እኔ ዝናብዎን ጠልቼ አይደለም። ማታ ሙሉ የሰው ሕይወት ይዤ ነው የማድረው፤ ካልተኛሁ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። ሁሉም የአቶ ጉዲሳን መልስ ጠበቀ። እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ቆሙና፣ «ልጅቱ እውነቷን ነው። በሰው እንቅልፍ ላይ ቆርቆሮ አይመታም። ሁንዴ፣ መዶሻህን አምጣና ንቀል» አሉ። ተነቀለ። የረታችው ሲስተር ሃረገወይን ብትሆንም ከስብሰባው መሐል ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ እየገባች የደም ግፊታቸውን ትለካላቸው ጀመር። ወ/ሮ ገላኔ ቁርስ ሳያበሏት አይለቋትም ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. የልብ ድካም እንደያዛቸው በሕክምና ሲታወቅ ለቤተሰቡ በቀስታ ያስረዳችው እሷ ናት። አቶ ጉዲሳ የተነገራቸውን በእርጋታ ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ሰኔን አንድ ጊዜ ልስማና ከዚያ የፈለገው ይሁን።»

ሲስተር ሃረገወይን ይህን ይዛ እድሩ ፊት ቀረበች። በግቢያችን ጫፍ፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ራቅ ብሎ፣ የእድሩ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት፣ ለቅሶም የምንቀመጥበት የጋራ ቤት አለ። ጣሪያው ለዓመታት በላስቲክና በድንጋይ የተያዘ ነበር። «እዚያ የሚተኛ ሰው የለም። የምንቀመጠውም ሁላችን ነን። ቆርቆሮ እንምታለትና አባባ ያሠሩን» አለች። የተቃወመ አልነበረም።

ግንቦት ላይ ሥራው ተጀመረ። አቶ ጉዲሳ መሰላል እንዳይነኩ ስለተከለከሉ ከዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያዝዙ ነበር። ሁንዴና የሰፈሩ ወጣቶች ይመታሉ። ሐጂ ሰይድ ደግሞ ቆርቆሮውን እኔ አመጣለሁ ብለው ካሉት ሁሉ ምርጡን፣ ቀለም የተቀባውን፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ የተለበደበትን አዲስ ዓይነት በመኪና ጭነው መጡ። አቶ ጉዲሳ እንዲህ ያለውን ከዚያ በፊት አልመቱም፤ ደግሞም ወዳጃቸውን ማሳፈር አልፈለጉምና ዝም አሉ። ተመታ፤ አማረ።

ሰኔ 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፉ ጣለ። ከየሕንፃው ሰው ጃንጥላ እየያዘ መጣ። አቶ ጉዲሳን ደግፈው ከቤቱ መሐል አስቀመጧቸው። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ወ/ሮ ገላኔም ጭምር። አቶ ጉዲሳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ውጭ መሬቱ ጎርፍ ሆኗል፤ ከላይ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ሹክሹክታ ካልሆነ በቀር ምንም የለም። ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡና ወደ ሐጂ ሰይድ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ምንድን ነው ያለበስከው? ብርድ ልብስ?»

«ምርጡን ነዋ! አንተን የሚያህል ሰው በምን ልሸፍን ኖሯል?»

«ምርጡማ ነው። ዝናቡ ግን ውጭ ቀረ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ጉዲሳም ሳቁ። ሐጂ ሰይድ ግን አልሳቁም። ወዳጃቸው በሳቁ መሐል ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይተው ነበርና ኮፍያቸውን አስተካክለው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ጧት አሮጌ ቆርቆሮ የጫነች አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆመች። ሐጂ ሰይድ ጋቢና ነበሩ። የመጣው አቶ ጉዲሳ በ1969 ዓ.ም. የመቱት የገርጂው ሱቅ ጣሪያ ነው። ሱቁ ሲፈርስ ሐጂ ሰይድ አላስጣሉትም፤ በቤታቸው ጓሮ ደርድረው ላስቲክ አልብሰው አስቀምጠውት ነበር። ወ/ሮ ዘሃራ ለዓመታት «ይህን ዝገት አውጣልኝ» ቢሏቸውም እንቢ ብለው ኖረዋል።

አቶ ጉዲሳ ወደ መኪናው ተጠግተው ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳበሱ። በሙያው ደንብ አንድ ጊዜ ምስማር የበሳው ቆርቆሮ ተመልሶ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ቀዳዳው ከሥሩ ካለው እንጨት፣ ከሞራሌው ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ያፈሳል። እሳቸውም ይህን ለብዙ ወጣት ጣሪያ ሠሪዎች ያስተማሩ ሰው ናቸው።

«ያፈሳል እኮ» አሉ።

«እኔ ከመታሁት አያፈስም ስትል አልነበር?» አሉ ሐጂ ሰይድ።

ስለዚህ የጋራው ቤት ሰፊ በረንዳ፣ ወንበር የሚደረደርበት ቦታ፣ በአሮጌው ቆርቆሮ ተመታ። አቶ ጉዲሳ ሞራሌው በቀዳዳዎቹ ልክ እንዲቀመጥ አስደረጉ። ባለ ላስቲክ ኮፍያ ምስማር በየአሮጌው ቀዳዳ ገባ። የቀረውን በሬንጅ ደፈኑት። ሁንዴ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ጥንቃቄ የጠየቀ ሥራ አልሠራሁም ይላል።

ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በመጀመሪያ ካፊያ፣ ቀጥሎ ነፋስ የቀላቀለ ወጨፎ፣ ከዚያም እውነተኛው ዶፍ መጣ። ያን ቀን ማንም ጥሪ አላስፈለገውም። በረንዳው እንደ ከበሮ ጮኸ። አቶ ጉዲሳ በነጠላቸው ተጠቅልለው፣ በቀኛቸው ወ/ሮ ገላኔ፣ በግራቸው ሐጂ ሰይድ ሆነው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። በእንባቸው አላፈሩም። ሲስተር ሃረገወይን ከተኛችበት ተነስታ መጥታ፣ ሕንፃው ጋ አይሰማም ብላ ለሁሉም መሰከረች።

እንደዚህ ሳሉ አቶ ጉዲሳ ድንገት አንድ ዐይናቸውን ገልጠው በጣታቸው ወደ ሐጂ ሰይድ ራስ በላይ አመለከቱ። ሐጂ ሰይድ ቀና ሲሉ አንዲት ጠብታ ወርዳ በነጭ ኮፍያቸው መሐል አረፈች።

ሐጂ ሰይድ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። «ያዝኩህ! ወላሂ ያዝኩህ! እንዲህ ነው እንጂ! ሰዎች፣ መስክሩ፣ የጉዲሳ ጣሪያ አፈሰሰ!» እያሉ በዝናቡ መሐል ያጨበጭቡ ጀመር። አቶ ጉዲሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሁንዴ በማግስቱ ወጥቶ ሊደፍነው ሲል ከለከሉት። «ይቺን ተዋት። ለሰይድ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ በረንዳው ይወርዱ ነበር። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ምግብም ወሰዱ። ሕመማቸው ግን እየጠናባቸው ሄዶ፣ ከልጆቻቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር በሰላም ተሰነባብተው፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ነሐሴ 19 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት፣ እሳቸው በልጅነታቸው ዳዊት በደገሙበት በትውልድ መንደራቸው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

አቶ ጉዲሳ ቱፋ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ገላኔ ነገዎን፣ ልጆቻቸውን ሎሚን፣ ሁንዴንና ታደለችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን እንዲሁም በየሰፈሩ በደረቅ ቤት የሚያድሩ ብዙ ጎረቤቶችን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለየቻቸው ለሲስተር ሃረገወይን፣ ለሐጂ ሰይድና ለወ/ሮ ዘሃራ፣ ለእድሩ አባላት በሙሉ ቤተሰባቸው ምስጋናውን ያቀርባል።

ከቀብር መልስ የምንቀመጠው በዚያው የጋራ ቤት ነው። በበረንዳው ላይ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ከሥሩ ያለው ወንበር የሐጂ ሰይድ ስለሆነ እባካችሁ እንዳታነሱባቸው፣ ጣሪያውንም እንድፈነው እንዳትሏቸው። ነሐሴ ነውና ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓት ዝናብ ሊጥል ይችላል። ከጣለ አንባቢው ያቁም፤ ሁላችንም እስኪያባራ ድረስ ዝም እንበል። ወ/ሮ ገላኔ ብቻ ደስ እንዳላቸው ይሁኑ።

እግዚአብሔር የአገልጋዩን የወልደ ጊዮርጊስን ነፍስ ክረምት በማያስፈራው፣ በማያፈሰው ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።